የመኪና የነዳጅ ፍጆታ አቆጣጠር፤ በአንድ የጭነት መኪና ሒሳብ የተመረመረ

አንድ መኪና በአንድ ሊትር ነዳጅ ስንት ኪሎሜትር እንደሚሄድ ማስላት የትንሽ ተማሪ ሒሳብ ነው፤ የተሄደውን መንገድ ለተቃጠለው ነዳጅ ማካፈል ብቻ ነው። ይህን የማያውቅ ሾፌርም ሆነ ባለመኪና የለም። ነገር ግን ማካፈሉ ቀላል በመሆኑ ብቻ ውጤቱ የሚታመን ነው ማለት አይደለም። ተካፋዩም ሆነ አካፋዩ ቁጥር ከየት እንደ መጣ ካልተጠየቀ፥ ሒሳቡ ልክ ሆኖ ሳለ ፍርዱ ስሕተት ሊሆን ይችላል። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣሣሁት እንዲህ ያለ ፍርድ በአንድ ሰው ላይ ሲወድቅ ስለ አየሁ ነው።

ሰውየው አጎቴ ነው። ለአንድ የእህል ነጋዴ አይሱዙ የጭነት መኪና እየነዳ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ይመላለሳል። ባዶውን ይሄዳል፤ ጤፍ ጭኖ ይመለሳል። የደርሶ መልሱ መንገድ 600 ኪሎሜትር ያህል ነው። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. ማገባደጃ የነዳጅን ድጎማ ደረጃ በደረጃ ማንሣት ከጀመረ ወዲህ ባለመኪና ሁሉ ሊትር መቁጠር ይዟልና፥ ነጋዴውም ደብተር አወጡ። ሒሳባቸው የሚከተለው ነበር። መኪናው ባዶውን ሲሄድ በሊትር 8 ኪሎሜትር፥ ተጭኖ ሲመለስ 5 ኪሎሜትር ይሄዳል፤ አማካዩ 6.5 ነው። 600 ለ6.5 ሲካፈል 92.3 ሊትር ይሆናል። አጎቴ ግን በአንድ ምልልስ የቀዳው 108 ሊትር ሆኖ ተገኘ። «16 ሊትሬን የት አደረስከው?» አሉት። የልዩነቱንም ዋጋ ከወር ደመወዙ ቆረጡ፤ ነገሩ ከተደገመም ሌላ ሾፌር እንደሚፈልጉ ነገሩት።

ናፍጣ ከመኪና እየቀዱ መሸጥ በመንገድ ላይ ያልታየ ነገር አይደለምና፥ ነጋዴው ቢጠረጥሩ አይፈረድባቸውም። አጎቴም «አልነካሁም፥ ጋሼ» ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም። እኔም በእናቴ ወንድም በኩል መቆሜን አልደብቅም፤ ስለዚህ አንባቢ ቃሌን ከሚያምን ይልቅ ቁጥሩን ራሱ እየደመረና እየቀነሰ ቢከተለኝ ይሻላል።

በመጀመሪያ አማካዩን እንመልከት። 8 እና 5 ተደምረው ለ2 ሲካፈሉ 6.5 መሆናቸው አያከራክርም። ይሁን እንጂ መኪናው 8 ኪሎሜትር የሚሄድባቸው ሊትሮችና 5 ኪሎሜትር የሚሄድባቸው ሊትሮች ቁጥራቸው እኩል አይደለም። እኩል የሆነው መንገዱ ነው። ሲሄድ 300 ለ8 ሲካፈል 37.5 ሊትር ያቃጥላል፤ ሲመለስ 300 ለ5 ሲካፈል 60 ሊትር ያቃጥላል። ድምሩ 97.5 ሊትር ነው፤ 600 ለዚህ ሲካፈል እውነተኛው አማካይ በሊትር 6.15 ኪሎሜትር ነው እንጂ 6.5 አይደለም። የነጋዴው አማካይ ትክክል የሚሆነው መኪናው በሁለቱም ጊዜ እኩል ሊትር ቢያቃጥል፥ ለምሳሌ በ50 ሊትር 400 ኪሎሜትር ሄዶ በሌላ 50 ሊትር 250 ኪሎሜትር ቢመለስ ነበር። የደብረ ማርቆስ መንገድ ደግሞ ሲሄዱበት 400፥ ሲመለሱበት 250 አይሆንም። እንግዲህ ማንም ናፍጣውን ሳይነካው፥ ከ16ቱ ሊትር 5.2 ሊትር የሚሆነው በማካፈል ስሕተት ብቻ የጠፋ ነው።

ይህ ስሕተት የአንድ ነጋዴ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አገር የመኪና ፍጆታ የሚነገረው በአንድ ጋሎን በሚሄደው ማይል ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. በዱክ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ሪቻርድ ላሪክና ጃክ ሶል የተባሉ ምሁራን በሳይንስ መጽሔት ባወጡት ጥናት፥ ሰዎች ይህን ቁጥር ሲያወዳድሩ ቁጠባውን አሳስተው እንደሚገምቱ አሳይተዋል። ነገሩን በእኛው መለኪያ ብንመለከተው እንዲህ ነው። አንዱ መኪና በሊትር ከ15 ወደ 20 ኪሎሜትር ተሻሻለ፤ ሌላው ከ5 ወደ 6 ብቻ ተሻሻለ። ብዙ ሰው የመጀመሪያው ብዙ ያተረፈ ይመስለዋል። በ300 ኪሎሜትር መንገድ ግን የመጀመሪያው ከ20 ሊትር ወደ 15 ወርዶ 5 ሊትር ሲያተርፍ፥ ሁለተኛው ከ60 ወደ 50 ወርዶ 10 ሊትር ያተርፋል። አሜሪካኖችም ከ2013 ሞዴል ጀምሮ በአዲስ መኪና መስኮት ላይ በሚለጠፈው ወረቀት፥ በ100 ማይል ስንት ጋሎን እንደሚቃጠል አብሮ እንዲጻፍ አድርገዋል።

አብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች ከጥንትም የሚቆጥሩት በ100 ኪሎሜትር በሚቃጠለው ሊትር ነው፤ በእኔ አስተያየት የሚሻለውም ይኸው ነው። ነጋዴው እንዲህ ቢቆጥሩ ኖሮ ሲሄድ 12.5፥ ሲመለስ 20፥ አማካዩ 16.25 ሊትር በ100 ኪሎሜትር ይሆንላቸው ነበር። ይህም በ6 ሲባዛ 97.5 ሊትር ነው። መንገዱ እኩል እስከሆነ ድረስ ተራው አማካይ ያለ ስሕተት ይሠራል ማለት ነው። በነገራችን ላይ፥ የውጭ አገር መጽሔት የሚያነብ ሰው ጋሎን ሁለት ዐይነት መሆኑን መርሳት የለበትም፤ የአሜሪካው 3.785 ሊትር፥ የእንግሊዙ 4.546 ሊትር ነው። ማይሉ ለሁለቱም 1.609 ኪሎሜትር ነው። ስለዚህ በአሜሪካ ጋሎን 30 ማይል የሚሄድ መኪና በእንግሊዝ ጋሎን 36 ማይል ይሄዳል፤ በሊትር 12.75 ኪሎሜትር መሆኑ ነው። መኪናው አንድ ነው፤ የጨመረው ጋሎኑ ነው።

ሁለተኛው ነገር የኪሎሜትር ቆጣሪው ነው። ቆጣሪው መንገዱን አይቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው የጎማውን ዙር ብቻ ነው። ጎማው ስንት ጊዜ እንደ ዞረ ተቆጥሮ፥ ፋብሪካው ባሰበው የጎማ ዙሪያ ልክ ወደ ኪሎሜትር ይለወጣል። ጎማ ሲያልቅ ዙሪያው ያንሳል፤ ያነሰ ጎማም ለአንዱ መንገድ ብዙ ጊዜ መዞር ግድ ይሆንበታል፤ ቆጣሪውም የበለጠ መንገድ የተሄደ መስሎት ይመዘግባል። የዚህ መኪና አዲስ ጎማ ከመካከሉ እስከ መሬት 40 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ጥርሱ አልቆ 1 ሴንቲሜትር ቢቀንስ 39 ይሆናል፤ ልዩነቱ ከመቶ 2.5 ነው። በአዲስ ጎማ 600 የሚነበበው መንገድ ባለቀ ጎማ 615 ይነበባል።

ይህን ለአጎቴ ባስረዳው ጊዜ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፥ «ጎማው እኮ የተለወጠው ባለፈው ወር ነው» አለኝ። እውነትም ነጋዴው 8 እና 5 ያሏቸውን ቁጥሮች ያገኙት ከእርሱ በፊት በነበረው ሾፌር ጊዜ፥ ጎማው ካለቀ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ምልልሱ በቆጣሪው 615 ይነበብ ስለ ነበር፥ በዚያው ቁጥር ሲሰላ የሚቃጠለው 100 ሊትር ይሆን ነበር። አሁን በአዲሱ ጎማ 600 ብቻ ስለሚነበብ የሚጠበቀው 97.5 ሆነ። መንገዱም ናፍጣውም አልተለወጠም፤ 2.5 ሊትር ግን በወረቀት ላይ ጠፋ። ነጋዴው ገንዘብ አውጥተው ጎማ በመግዛታቸው ሾፌራቸው ሌባ መሰላቸው።

ሦስተኛውና ዋነኛው ነገር ጭነቱና ዓባይ ነው። በቀድሞው ሾፌር ጊዜ የሚጫነው 40 ኩንታል ነበር፤ አሁን 50 ሆኗል። አሥር ኩንታል 1,000 ኪሎግራም ነው። ይህ ጭማሪ ስንት ሊትር እንደሚበላ በመላ ምት ሳይሆን በፊዚክስ ማስላት ይቻላል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 36 ሚሊዮን ጁል ያህል ኀይል ይሰጣል። ከዚህ ውስጥ ብዙው በጭስ ማውጫና በራዲያተር በኩል ሙቀት ሆኖ ይጠፋል፤ ጎማውን የሚያዞረው ከመቶ 30 ያህሉ ነው ብንል፥ ከአንድ ሊትር 10.8 ሚሊዮን ጁል ለሥራ ይተርፋል።

ከደብረ ማርቆስ የሚመጣ መኪና ከደጀን ጀምሮ ወደ ዓባይ ድልድይ ይወርድና እንደገና ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። ዳገቱ በቁመት 1,400 ሜትር ገደማ ነው። 1,000 ኪሎግራምን ያን ያህል ከፍ ለማድረግ 1,000 በ9.81 በ1,400 ተባዝቶ 13.7 ሚሊዮን ጁል ያስፈልጋል፤ ይህም 1.3 ሊትር ያህል ነው። ይህ የዳገቱ ብቻ ነው። በተጨማሪም ጎማ በአስፋልት ላይ ሲንከባለል ከተሸከመው ክብደት ከመቶ 1 የሚሆን ኀይል ወደ ኋላ ይጎትተዋል። የ1,000 ኪሎግራም ክብደት 9,810 ኒውተን ነውና፥ የሚጎትተው 98 ኒውተን ነው፤ ይህ በ300,000 ሜትር ሲባዛ 29.4 ሚሊዮን ጁል፥ ማለት 2.7 ሊትር ነው። በድምሩ አሥሩ ኩንታል በአንድ መመለሻ 4 ሊትር ያስጨምራል። የሌሎቹን ትናንሽ ዳገቶች አልቆጠርኩም፤ በቁልቁለቱም ሞተሩ ስለማይገፋ ትንሽ የሚቀነስ አለ። ሁለቱ ይቻቻላሉ ብዬ ትቻቸዋለሁ።

አንድ የክፍል ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ «ዳገት የወሰደውን ቁልቁለት ይመልሰው የለምን?» ብሎ ጠይቆኛል። ጥያቄው መልካም ነው። ቁልቁለቱ ቀስ ያለ ቢሆንና መኪናው በራሱ ክብደት ቢንከባለል ይመልስ ነበር። ከደጀን ወደ ድልድዩ የሚወርድ የተጫነ መኪና ግን በከባድ ማርሽና በፍሬን እየተያዘ ነው የሚወርደው። ያ ሁሉ ኀይል የፍሬን ሸራ ማሞቂያ ሆኖ ይቀራል፤ በዚያ መንገድ የሄደ ሰው ሽታውን ያውቀዋል። ወደ አገራችን እየበዙ የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች በዚህ በኩል ብልጫ አላቸው፤ ሲወርዱ ሞተራቸው እንደ ዲናሞ እየሠራ ከኀይሉ ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። የናፍጣ ታንክ ግን ቁልቁለት ሲወርዱ አይሞላም።

ስለ አየሩም አንድ ቃል መጨመር ይገባል። አዲስ አበባ በ2,355 ሜትር ከፍታ ላይ ስለ ሆነች አየሯ ከባሕር ወለል አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ መኪናው የሚገፋው አየር ያንሳል፤ ይህ ትርፍ ነው። በአንጻሩ አየር አስገዳጅ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ስለሚያንሰው ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ሾፌሩም በከባድ ማርሽ ብዙ ይቆያል። ከዚህ የተነሣ ፋብሪካው በመጽሐፉ ላይ ያተመውን የፍጆታ ቁጥር እንዳለ ወስዶ በእንጦጦ ዳገት ላይ መከራከር አይቻልም።

እስካሁን የደረስንበትን ብንደምር፥ ነጋዴው የጠበቁት 92.3 ሊትር ነበር፤ የአማካዩ ስሕተት ሲታረም 97.5፥ የጎማው ሲጨመር 100፥ የጭነቱ ሲጨመር 104 ሆነ። ከ108 ጋር ሲነጻጸር 4 ሊትር ይቀራል። የዚህችን የ4 ሊትር ነገር ለመመርመር ወደ ማደያው መሄድ ያስፈልጋል።

ፍጆታን ለመለካት ከሁሉ የሚሻለው ዘዴ ከሙሉ እስከ ሙሉ መቁጠር ነው። ታንኩን ሞልቶ ቆጣሪውን መጻፍ፤ መንዳት፤ እንደገና ሞልቶ የገባውን ሊትርና ቆጣሪውን መጻፍ። የገባው ሊትር የተቃጠለው ነው። ነገር ግን «ሙሉ» የሚባለው ነገር ራሱ አንድ አይደለም። ናፍጣ ሲቀዳ አረፋ ያነሣል፤ አንዱ ነዳጅ ቀጂ አረፋው ሲደርስ ያቆማል፥ ሌላው አረፋው እስኪተኛ ጠብቆ ይጨምራል። መኪናው የቆመበት መሬት ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ እንደ ሆነ በታንኩ ጥግ አየር ይቀራል። እኔ በአጎቴ መኪና ላይ ሞክሬ እንዳየሁት፥ በዚህ ምክንያት ብቻ እስከ 3 ሊትር የሚደርስ ልዩነት ይገኛል። ስለዚህ ሁልጊዜ በአንድ ማደያ፥ በአንዱ መቅጃ፥ በአንድ ስፍራ ቆሞ፥ አረፋውን አስተኝቶ መሙላት ይገባል። ናፍጣ በሙቀት እንደሚሰፋም የታወቀ ነው፤ ለ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ10,000 ውስጥ 8 ያህል ነው። ይሁንና የማደያው ጋን ከመሬት በታች ስለሚቀበር ሙቀቱ ብዙ አይለዋወጥምና፥ ይህን ሰበብ አድርጎ ማቅረብ አይገባም። አጎቴ ሊያቀርበው ፈልጎ ነበር፤ እኔ ከለከልኩት።

እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። የአሞላሉ ስሕተት የሚገባው በመጀመሪያውና በመጨረሻው ሙሌት ላይ ብቻ ነው። በመካከል የተደረጉት ሙሌቶች ስሕተታቸው እርስ በርሱ ይጣፋል፤ ዛሬ የጎደለው ነገ ይገባልና። በአንድ ምልልስ 3 ሊትር ከ108 ውስጥ ከመቶ 2.8 ነው። አራት ምልልስ አከታትለን ብንቆጥር ግን ያው 3 ሊትር ከ400 በላይ ከሆነ ቁጥር ውስጥ ከመቶ 1 እንኳ አይሞላም። በአንድ ሙሌት ሰውን መክሰስ፥ ሚዛኑን ሳያስተካክሉ ወርቅ እንደ መመዘን ነው።

ስለዚህ አንድ ደብተር አዘጋጀንና አጎቴ አራት ምልልስ እየጻፈ ነዳ። ቀኑ፥ ቆጣሪው፥ የተቀዳው ሊትር፥ የተጫነው ኩንታል፥ እንዲሁም ሞተሩ ሳይጠፋ የቆመበት ሰዓት ተመዘገበ። የመጨረሻውን ነጋዴው አስበውት አያውቁም ነበር፤ በኬላና በጭነት ወረፋ ሞተሩ ሲሠራ ቆጣሪው አይነቃነቅም፥ ናፍጣው ግን ይነድዳል። አራቱ ምልልስ ሲያልቅ ቆጣሪው 2,402 ኪሎሜትር፥ ናፍጣው 419 ሊትር ሆነ። በሊትር 5.73 ኪሎሜትር፥ በአንድ ምልልስ 104.75 ሊትር መሆኑ ነው። በፊዚክስ ያሰላነው 104 ነበር።

ደብተሩን ይዘን ነጋዴው ዘንድ ሄድን። መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዱን መሥመር በራሳቸው እጅ ደመሩት። ከዚያም «ልጄ፥ እየተቆጠረበት መሆኑን እያወቀ የነዳውን ነው ያመጣህልኝ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አጎቴ በእነዚያ አራት ምልልሶች መታዘቡን ያውቅ ነበር፤ ስለዚህ የእነርሱ ሒሳብ ስለ ቀደመው ምልልስ የሚመሰክረው ነገር ጥቂት ነው። በዚያ ምልልስ የቀረችውን 4 ሊትር በተመለከተ ማለት የምችለው፥ ሦስቱ በአሞላል ስሕተት ሊሸፈኑ እንደሚችሉና አንዱን ደግሞ የወረፋ ሰዓት ሊበላው እንደሚችል ብቻ ነው። ሒሳቡ አጎቴን ነጻ አያወጣውም፤ የ16 ሊትሩን ክስ ግን መሠረት ያሳጣዋል። ይህንኑ ነገርኳቸው፤ አልተቆጡም።

ከዚህ በኋላ የጠየቁኝ ጥያቄ ግን እኔ ራሴ ያላሰብኩት ነበር። «ታዲያ ባዶውን ሲሄድ የሚያቃጥለው 38 ሊትር ለእኔ ምን ይሠራልኛል?» አሉ። ለጭነት መኪና በሊትር የሚሄደው ኪሎሜትር ትክክለኛ መለኪያ እንዳልሆነ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ነጋዴ የሚሸጠው ኪሎሜትር ሳይሆን ኩንታል ነው። 104 ሊትር ተቃጥሎ 50 ኩንታል ቢደርስ፥ ለአንድ ኩንታል የደረሰበት 2.08 ሊትር ነው። ሲሄድ 30 ኩንታል ሲሚንቶ ቢጭንስ? ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣው ዳገትም ከሌላው ጋር ተቀራራቢ ስለ ሆነ፥ ለአሥር ኩንታል 4 ሊትር ብለን 12 ሊትር እንጨምራለን። 116 ሊትር ለ80 ኩንታል 1.45 ሊትር ይሆናል። በሊትር የሚሄደው ኪሎሜትር ከ5.77 ወደ 5.17 ይወርዳል፤ በፊተኛው የነጋዴው አቆጣጠር ሾፌሩን የሚያስባርር ቁጥር ነው። የአንዱ ኩንታል ማጓጓዣ ናፍጣ ግን ከመቶ 30 ያህል ይቀንሳል፤ ከሦስቱ እጅ አንዱ ገደማ ይድናል ማለት ነው።

ነጋዴው ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ ሲሚንቶ ሻጭ አነጋግረው ሙከራው ተደረገ። በመጀመሪያው ምልልስ 30 ኩንታል ሄደ፥ 50 ኩንታል ተመለሰ፤ 117 ሊትር ተቃጠለ። በሊትር 5.13 ኪሎሜትር መሆኑ ነው፤ በደብተሩ ከተጻፉት ሁሉ ዝቅተኛው ይኸው ነው። በዚያን ቀን ስለ ሊትር የጠየቀ ሰው አልነበረም። ከአጎቴ ደመወዝ የተቆረጠው የ16 ሊትር ዋጋ ግን ይህ እስከ ተጻፈ ድረስ አልተመለሰለትም።